ከታች የሚሞቅ ወለል

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በር ላይ ጫማዬን አወለቅሁና በካልሲ ገባሁ። አውልቅ ያለኝ ሰው የለም። ወለሉ ግን ሴራሚክ ነበር፤ ያብለጨልጫል። የእኔ እግር ደግሞ ሴራሚክ ሲያይ ጌታውን ሳያማክር ጫማ ማውለቅ ለምዷል። ጫማዬን አጣምሬ ጥግ አስያዝሁ። ከዚያ የተጠቀለለ ምንጣፍ በብብቴ እንደያዝሁ፣ የግራ እግሬ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ አገር እያየ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ዘበኛው ቀና ብሎ አየኝ። ጫማ የለም፤ ምንጣፍ አለ፤ ሽበት አለ። በትሕትና ብድግ አለና፣

«አባባ፣ መስጊዱ ከኋላችን ነው። በዚህ ይዙሩ» አለኝ።

አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ ጎትቼ አሳየሁት።

«ይቅርታ አባባ» አለ። ጥቂት አሰበና ደግሞ፣ «ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን በዚያው በኩል ነው» ብሎ ጨመረልኝ።

ዕቃ የሚገዙት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አብሬ ስስቅ የሚሳቅበት ሌላ ሽማግሌ ይመስለኛል፤ ይህ የቆየ ዘዴዬ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ያስፈልገኛል። በብብቴ የያዝሁት ግን የጸሎት ምንጣፍ አልነበረም። የወለል ማሞቂያ ነበር። ልመልሰው ነው የመጣሁት። ከዚህ በር እንዴት እንደደረስሁ ልንገራችሁ። ወለላችሁ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እግራችሁን ሰቀል አድርጋችሁ ስሙኝ።

ቤቴ ዳባት ነው። ዳባትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትወጡ ጃኬት ያልያዘ ተሳፋሪ የሹፌሩን ፊት በልመና ማየት የሚጀምርበት ከተማ ነው። ያ ሹፌር እኔ ነበርሁ። ዕድሜዬን በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስነዳ ጨረስሁት፤ ብርድ የሚባለውን ነገር ግን በወሬ ነበር የማውቀው። የድሮ አውቶቡስ ሞተሩ ያለው ከሹፌሩ እግር ሥር ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ እኔ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ «ምነው መስኮቱን ዘጋችሁት?» እል ነበር። ተሳፋሪው በሆዱ ምን ይለኝ እንደነበር ዛሬ ዛሬ ይገባኛል። አገሬ ብርድ መሆኑን ያወቅሁት ጡረታ ስወጣ ነው።

እንዲያም ሆኖ ቤታችን አይከፋም ነበር። ወለሉ መሬት ነው። ባለቤቴ የሻረግ በየጊዜው በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ደርቆ ሲያበቃ ለእግር ለስለስ፣ ለብ ያለ ነው። በዚህ ወለል ላይ ልጆች አሳደግን፣ ሰርግ ደገስን፣ ማንም ቀፈፈኝ ብሎ አያውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ እሞት ነበር፤ ጎረቤቴ አያ ታፈረ ቤቱን ሲሚንቶ ባያስደርግ ኖሮ።

አያ ታፈረ በሦስት ክረምት ይበልጠኛል። የበለጠኝ በዚህ ብቻ እንዲሆን ዕድሜ ልኬን ታግያለሁ። ሲሚንቶውን ካስደረገ ወዲህ ሰላምታው እንኳ በሲሚንቶ በኩል ሆነ። «እንዴት አደርህ?» እለዋለሁ። «እኛስ ሲሚንቶው ላይ ደኅና አድረናል፤ እናንተ አቧራው እንዴት ነው?» ይለኛል። ዝናብ ሲዘንብ «የእኛ ቤት እንኳ ጭቃ አይገባም» ይላል። ያልጠየቁትን መመለስ የሚችል ሰው ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ላማችንን ሸጥሁና ሴራሚክ አስነጠፍሁ። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ወደ ወጥ ቤት የሚያወጣውን መተላለፊያ ሳይቀር።

«ምነው? መሬቱ ምን አደረገህ?» አለችኝ የሻረግ።

«ዘመን ነው» አልኋት።

ዘመን ማለት ጥሩ መልስ ነው። ምክንያት የሌለው ሰው ሁሉ ይዞት ቢዞር እመክራለሁ።

ሥራው ባለቀ ሰሞን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ስትተኛ ቤታችን የባንክ ቤት ይመስል ነበር። የሻረግ ጫማ አድርጎ መግባት ከለከለች። አያ ታፈረ በራችን ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ ያየሁ ዕለት ላሚቱን ረሳኋት። ከዚያ ኅዳር መጣ። ማለዳ ስትወጡ ሣሩ በአመዳይ ነጭቶ ታገኙታላችሁ። ያ አመዳይ ሌሊቱን ደጅ ካደረ በኋላ ቀን ቀን እኛ ቤት የሚውል መሰለን። ሴራሚክ ማለት፣ ኋላ እንደገባኝ፣ በልክ በልኩ የተቆረጠ ብርድ ነው።

የሻረግ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል። ድሮም ነበረባት፤ ሴራሚኩ ግን አነቃው። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ አጎዛ ደረደረችና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች መሄድ ጀመረች፤ ወንዝ በድንጋይ እንደሚሻገር ሰው። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ሚስቴ በገዛ ቤቷ ወንዝ ስትሻገር አያለሁ። ስቃይዋን አይቼ ዝም ያልሁ እንዳይመስላችሁ፤ «ካልሲ ደርቢ» ብያታለሁ።

አንድ ቀን ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ በጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«መተማ እወርዳለሁ፤ በላይነሽ ጋ።»

በላይነሽ ልጃችን ናት። መተማ ደግሞ ፍየል ሳይቀር ጥላ የሚሻማበት ቆላ ነው።

«መቼ?»

«የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ የእኛ ተራ ነው። ማኅበሬን አብልቼ በማግስቱ።»

«መቼስ ትመለሻለሽ?»

«ብርዱ ሲወጣ።»

«ብርዱ መቼ ነው የሚወጣ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ያስገባኸው አንተ ነህ» አለችና መወልወሏን ቀጠለች።

ቀልድ መስሏችሁ እንዳይሆን። የእሷ ታናሽ እኅት ለአንድ ወር ብላ መተማ ከወረደች በኋላ ፋሲካ አልፏል፣ ክረምት አልፏል፤ ሲደወልላት «እየመጣሁ ነው» ትላለች። ቆላ የደጋን ሰው ጉልበት አንድ ጊዜ ካሟሸው አይመልሰውም። እኔ ደግሞ ሽሮ መሥራት አልችልም። ሽሮውስ ይቅር፤ ስናገር ዋሽቼ እንደሆነ፣ ዝም ስል ደግሞ ምን አስቤ እንደሆነ የምታውቅብኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ማን ያርመኛል? አያ ታፈረ?

በዚህ መሀል ይስሐቅ መጣ። ይስሐቅ አብሮ አደጌ ነው፤ አባቱ እዚያ ማዶ መንደር የአገሩን ማረሻ ሲሠሩ የኖሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተ ሰቡ እስራኤል ከሄደ ቆይቷል፤ እሱ ግን አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣም አንድ ሌሊት እኛ ቤት ሳያድር አይመለስም። ጠዋት ከአልጋው ወርዶ ባዶ እግሩን ሴራሚኩ ላይ ሲያሳርፍ በዕብራይስጥ ጮኸ። ትርጉሙን አልጠየቅሁም፤ ቋንቋው አላስፈለገም።

«ምነው ከታች አታሞቁትም?» አለኝ እግሩን በሁለት እጁ እያሸ።

«ምኑን?»

«ወለሉን! እኛ አገር ከሴራሚኩ ሥር ማሞቂያ አለ። ከታች ነው የሚሞቅ።»

«እኛም እያሰብንበት ነው» አልሁት። አስቤበት አላውቅም። ነገር ግን እግሬ ሥር የነበረው የአውቶቡሱ ሞተር ትዝ አለኝ። በዚያችው ቅጽበት ወለል ማሞቂያ ላስገባ ቆረጥሁ። ከዚያም የሰው ሐሳብ መጠየቅ ጀመርሁ፤ የተቆረጠ ነገር የሚበላሸው ሰው ሲጠየቅበት መሆኑን እያወቅሁ።

መጀመሪያ አያ ታፈረ።

«ከላይ ነው የሚሞቅ ከታች?» አለኝ።

«ከታች።»

«ከታች የሚሞቅ ነገርስ እኔም አውቃለሁ። ድስት ይባላል።»

ቀጥዬ የነፍስ አባታችንን ጠየቅሁ። ልጄ የሚሆኑ ቄስ ናቸው፤ ልጄ ብለው የሚጠሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

«ከእግር በታች እሳት?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«የማይታይ?»

«የማይታይ።»

«የማይጠፋ?»

«መብራት ካልሄደ።»

መስቀላቸውን አወጡና አሳለሙኝ። «እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለ ተጽፏል ልጄ። የተጻፈው ግን እንዳንሄድበት ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ጎንደር ደወልሁ። ስለ ወለል ማሞቂያ ያውቃል የተባለው ባለሙያ ጌታሁን ይባላል፤ ዛሬ በካልሲ የገባሁበት መደብር የእሱ ነው። በሚኒባስ መጣ። በበራችን ጫማውን አወለቀ፣ ሴራሚኩን ረገጠ፣ ተመልሶ ጫማውን አደረገ። የሻረግ በዚህ ብቻ ወደደችው።

ከዚያ ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን ደፋ። የታመመ ሰው የሚመረምር ነበር የሚመስለው።

«ይቻላል» አለ። «መጀመሪያ ይህ ሴራሚክ ይነሳል።»

«ወዴት ይነሳል?»

«ይሰበራል ማለቴ ነው።»

ደረቴን ያዝሁ። ሴራሚኩ ገና ዓመት አልሞላውም! ጌታሁን ግን አላየኝም፤ በእጁ አየር ላይ እያነጠፈ ቀጠለ። ከሥር ሙቀት ወደ መሬት እንዳይሰርግ ስፖንጅ የመሰለ ነገር፣ በላዩ የሚሞቀው ሽቦ፣ በላዩ ሲሚንቶ፣ በላዩ…

«በላዩ?»

«ሴራሚክ።»

«ታዲያ መጀመሪያ ያነሳነውን መጨረሻ ልንመልሰው ነው?»

«አዲስ ነው የምንመልሰው አባባ።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ጄኔሬተር ያስገባሉ።»

«ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያጣስ?»

ጌታሁን አሰበ። «ጋቢ» አለ።

ሐቀኛ ሰው ነው፤ እኔም ወደድሁት። መወሰን እንዳቃተኝ ሲያይ ከቦርሳው የተጠቀለለ ምንጣፍ አወጣ። ከላይ የሚነጠፍ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በውስጡ የሚሞቅ ሽቦ ያለው ነው። «ይህን ለሙከራ ልተውላችሁ። ከሚካኤል በኋላ ያስገቡ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ካላስገቡም ምንጣፌን ይመልሱልኛል» አለ። ሳሎኑ ጥግ አነጠፈው፣ ሰካው፣ ሄደ።

ወንበር ሳብሁና ሁለት እግሬን አሳረፍሁበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀስ እያለ ከተረከዜ ጀምሮ የሆነ ነገር ወደ ላይ ወጣ። ዓይኔን ጨፈንሁ። እጄ ሳላዝዘው ማርሽ ፈለገ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወገራ ሜዳ ላይ ነበርሁ፤ ረዳቱ ሳይቀር ሲጮህ ይሰማኛል።

«ነይ፣ የሻረግ! ነይ ሞክሪው!»

መጣች፤ እግሯን አሳረፈች። ፊቷን አየሁ፤ ተፈታ።

«ሸጋ ነው» አለች።

«አላልሁሽም?»

«ሸጋ ነው፤ ግን አንዲት ጥግ ናት። እንደ ታቃፊ ዶሮ እዚህ ልቀመጥልህ ነው? ቤቴ ውስጥ መሄድ ነው የምፈልግ።» ተነሥታ በአጎዛዎቹ ላይ እየዘለለች ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ሻንጣው እንደተወለወለ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁሉን ላፍርሰው? ወይስ ልተወው? ሳፈርሰው ሴራሚኩ ያሳዝነኛል፤ ስተወው ሚስቴ ትሄዳለች። እንዲህ እንዲያ ስል የማኅበሩ ቀን ደረሰ፤ ሌላም ጣጣ መጣ። ለማኅበሩ የተጠመቀው ጠላ አልብላላ አለ። ሁለት ጋን ነበር፤ አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ ሳሎኑ ጥግ። የሻረግ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ደፍታ ታዳምጣለች። «ዝም ብሏል። በርዶታል» ትላለች። ማኅበርተኛ ጠርቶ ያልደረሰ ጠላ መቅዳት ማለት ምን ያህል ውርደት እንደሆነ አገሬው ያውቃል፤ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይወራል።

የማኅበሩ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ የሻረግ ኪዳን ልታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ቤት ቀረሁ። ሞኝ ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ መተው የለበትም። ጋኑን አየሁ። ምንጣፉን አየሁ። ከዚያ የራሴ ብልሃት ራሴን አስደነቀኝ። ብርዱ አይደል ያስቸገረው? ታዲያ ማን ነው ከታች ቢሞቅ የሚጠላ?

የሳሎኑን ጋን እየገፋሁ ምንጣፉ ላይ አቆምሁት። ምንጣፉን መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረግሁት። ሙቀቱ እንዳይወጣ ጋኑን በጋቢዬ ጠቀለልሁት፤ አፉ ደግሞ ድሮውንም ተከድኖ በጭቃ ተለስኗል። ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቶ ከሆዱ ውስጥ ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። የሻረግ ስትመለስ የምትለኝን እያሰብሁ፣ የምመልስላትን እየመረጥሁ፣ በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጧ!

ክዳኑ ጣሪያውን ነክቶ ወረደ። አረፋው እንደ ፏፏቴ ተነሣና ራሴ ላይ አረፈ። ተከትሎ ጋኑ ከታች ወደ ላይ ተሰነጠቀ፤ ጋቢዬ ብቻ አንድ ላይ ይዞት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እሱም ተስፋ ቆረጠ። ወለሉ መሬት ቢሆን ኖሮ ይጠጣልን ነበር። ሴራሚክ አይጠጣም። ጠላው ከዳር እስከ ዳር ተንጣለለ። ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያም ጧ ብሎ ወረደና መብራት ጠፋ። የአያ ታፈረ መብራት ከእኛ ቆጣሪ የተቀጠለ ነው፤ በግድግዳው ማዶ የነበረው ሬዲዮኑ ወሬው መሀል ዝም አለ።

አያ ታፈረ ዱላውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። በመጀመሪያው እርምጃ እግሩ ቀደመውና አጠገቤ በቂጡ ተቀመጠ። እኔም ለመነሣት ስሞክር ተቀምጬ ነበር።

«ምንድን ነው የፈነዳ?» አለኝ ተቀምጦ።

«ጠላ።»

«ጠላ ይፈነዳል?»

«ከታች ሲሞቅ።»

«በስመ አብ! ድስት ነው አላልሁህም?»

ዙሪያውን ቃኘ፤ ጣቱን ወለሉ ላይ ነከረና ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

«የሚያበሳጨው» አለ፣ «ደርሶ ነበር።»

የሻረግ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እንደለመደችው በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። ሁለት ሽማግሌዎች ጠላ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንዱ ጌሾ ከጆሮው ላይ እያወጣ ነው። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ሻንጣውን ጠላው እንዳይደርስበት አነሣችና ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ገባኝ።

ምንጣፉን አጥቤ አጥር ላይ አሰጣሁትና ጌታሁን ጋ ደወልሁ።

«ውኃ ቢነካው ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም፤ ውኃ አያስገባም።»

«ጠላስ?»

«አልተሞከረም» አለ።

ተሞከረ። በማግስቱ ዱላ ላይ አስሬ ከሩቅ ስሰካው ሠራ። ጥሩ ዕቃ መሆኑን አልክድም።

ማኅበርተኞቹ መጡ። ደግነቱ የወጥ ቤቱ ጋን ከብርዱ ጋር እየታገለ በራሱ ጊዜ ደርሶ ነበር። ጫማ በር ላይ ተደረደረ፤ እንግዶቹ ሴራሚኩን ሲረግጡ አንድ በአንድ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ከዚያ አንዱ ምንጣፉን ረገጠና ቆሞ ቀረ። «ምንድን ነው እዚህ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ማኅበር አልነበረም። ወንበር ሁሉ ወደ ጥጉ ተጎተተ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ገንዳ እንደከበቡ ጥጆች ምንጣፉን ከበቡ፤ እግር በእግር ላይ ተደራረበ፤ «እግርህን አንሣ፣ የእኔ ነው» «አይ ያንተ ያኛው ነው» መባባል መጣ። መሀል ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የነፍስ አባታችን።

«አባ፣ እንዳንሄድበት ነው የተጻፈው ብለውኝ አልነበረም?» አልኋቸው ጆሯቸው ሥር።

«እኔ የተናገርሁት ስለ ነፍስ ነው ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይህ የእግር ጉዳይ ነው።»

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ጸሎቱ ደረሰ። የሚሄድ ግን የለም። ሌላ ጊዜ ከብት አለኝ፣ መንገደኛ ነኝ የሚለው ሁሉ ተደላድሎ ተቀመጠ። እኔ መሀላቸው ሆኜ ስኩራራ ቀና ስል የሻረግን አየኋት። የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ከአጎዛ ወደ አጎዛ እየዘለለች ትቀዳለች። አንዱን አጎዛ እንግዳ ቆሞበት ነበር፤ ባዶውን ሴራሚክ ረገጠች፤ ከንፈሯን ነከሰች። ይህ ሁሉ ሽቦ፣ ይህ ሁሉ ፍንዳታ ለእሷ ጉልበት ነበር የመጣው። ወንዶች ነን የሞቅነው። እግሬን ከምንጣፉ ላይ አነሣሁ፤ ወዲያው የአያ ታፈረ እግር ቦታውን ያዘ።

ከዚያ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ሁሉ። ሁሉም በእግሩ አዳመጠ። ሲቀዘቅዝላቸው አንድ በአንድ ተነሡ፣ መረቁን፣ ጫማቸውን አጠለቁ።

እኔና የሻረግ ብቻ ስንቀር ወሰንሁ።

«ትሰሚያለሽ? ሁሉንም አስገባለሁ። ሳሎኑንም፣ መኝታ ቤቱንም፣ ወጥ ቤቱ ድረስ። አትሂጅ እንጅ።»

ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች አየችኝ። «ሰውዬው መጀመሪያ የሚሠራው መስበሩን ነው ያለ?»

«አዎ።»

«መስበሩን ተስማምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተወው።»

«እንዴት?»

«ሴራሚኩ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?»

«መሬት ነዋ።»

«እሱ ይበቃኛል።»

ስናስብ የከረምነው ስለሚጨመረው ነገር ነበር። እሷ ግን የምትለው ስለሚቀነሰው ነው። ከዚያ፣ አታፍሩብኝና፣ የመጣልኝ ሐሳብ «አያ ታፈረ ምን ይለኛል?» የሚል ነበር። አፌ ሳይናገር ፊቴ ተናገረ መሰለኝ።

«ሳሎኑን ለታፈረ ተውለት» አለች። «መኝታ ቤቱንና ወደ ወጥ ቤት የምሄድበትን ነው የምፈልግ። ወይ መዶሻውን አንሣ፣ ወይ ጠዋት ሻንጣውን መናኸሪያ አድርስልኝ።»

መዶሻውን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ሴራሚክ ስመታ የራሴ ጥርስ የተሰበረ መሰለኝ። ቀጥሎ ያለው ያን ያህል አላመመኝም። ከዚያ በኋላማ ደስ ይል ጀመር፤ የሻረግ «በቃ፣ እሱ ሳሎን ነው!» ብላ እጄን ባትይዘኝ ሳሎኑንም ጨርሼ ወደ ሲሚንቶው ቤት እሻገር ነበር።

መሬቱ ተደለደለ፣ ተጠቀጠቀ። አሁን የሚቀረው መለቅለቅ ነው፤ ለመለቅለቅ ደግሞ እበት ያስፈልጋል። ላማችን ሴራሚክ ሆናለች። ከሰፈሩ ላም ያለው ማን ነው? አትጠይቁኝ። ባልዲ ይዤ የአያ ታፈረን በር አንኳኳሁ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እበት።»

«ምን ልታደርገው?»

«ለወለል።»

ወንበር አስመጣና ተቀመጠ። ቆሞ ሊሰማው የሚችል ደስታ አልነበረም። «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምሁለት። «የባንክ ቤት የሚመስለው ወለል?» አለ። «መኝታ ቤቱ ብቻ» አልሁት። ሆዱን ይዞ ሲስቅ ላሚቱ ዘወር ብላ አየችው። ሳቁን ሲጨርስ ግን ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ ትኩስ ትኩሱን መርጦ ባልዲውን ሞላልኝ። ልከፍለው ስል ተቆጣ።

«ጎረቤት ለጎረቤት እበት ይሸጣል? ነውር ነው። ብድር ነው። ዓይነቱን ትመልሳለህ።»

የሻረግ እጅጌዋን ሰብስባ ለቀለቀችው። እስኪደርቅ ድረስ ሳሎን ውስጥ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከረምን። ደርቆ ሲያበቃ ጫማም ካልሲም ሳታደርግ ገባች። ከአልጋው እስከ በሩ ሄደች። ተመለሰች። ደግሞ ሄደች። አልዘለለችም። አጎዛዎቹን ሰብስባ ወደ አልጋው መለሰቻቸውና፣

«ያን ሻንጣ ወደ ላይ ስቀልልኝ» አለች። «በላይነሽንም ደውልላት። ለፋሲካ ልንጠይቃት እንመጣለን በላት፤ ሁለታችንም።»

እንግዲህ ዛሬ ምንጣፉን ተሸክሜ ጎንደር የወረድሁት ለዚህ ነው። ዘበኛው ጫማዬን እንደገና ካስደረገኝ በኋላ ጌታሁን ተቀበለኝ።

«ወሰናችሁ አባባ?»

«ወስነናል። ከሥራው ግማሹን ጨርሰነዋል።»

«የትኛውን?»

«መስበሩን።»

ምንጣፉን ዘርግቶ አየና አፍንጫውን ጠጋ አደረገ። «ይህ ምንድን ነው የሚሸት?»

«ጌሾ።»

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርሁት። ይቆጣል ስል ዓይኑ በራ፤ ወንበር አቀረበልኝ። «ጠላው በስንት ሰዓት ነው የደረሰው? ክዳኑ ባይለሰን ኖሮስ?» እያለ ሲመረምረኝ ረፈደብኝ። ማይ ቤት የሚባል ሰፈር ጠላ የምትሸጥ አማት አለችው። ከሰሞኑ አንድ ነገር ቢፈነዳ እኔ የለሁበትም።

ወደ ዳባት ስመለስ አያ ታፈረ አጥሬን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

«እበቴስ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«ላም እንደሌለኝ ታውቃለህ።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

«ከገበያ ሜዳው ደረቅ ደረቁን ለቅሜ ላምጣልህ?»

«ደረቅ?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ትኩስ ነው የሰጠሁህ። ትኩሱን ነው የምትመልስ።»

ስለዚህ እስካሁን ድረስ የአያ ታፈረ አንድ ባልዲ ትኩስ እበት አለብኝ። ነገ ማለዳ የሰው ከብት ወደ ግጦሽ ሲወጣ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ባልዲ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአንዲት ላም ኋላ ኋላ ሲሄድ ካያችሁ እኔ ነኝና ላሚቱን አታስደንግጡብኝ።